ድምፁ የጠፋው ጌም

«ምነው ዛሬ ዝም አለ?» አለች እናትየው ከግድግዳው ወዲያ። ሚጢ ይህን ስትሰማ የሟች ወንድሟን ጌም ገልብጣ ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ አላገሳ እንዳለ ሕፃን ጀርባውን መታ መታ እያደረገች ነበር። ጌሙ ካረጀ ቆይቷል። ሲዲ የሚያነበው ተገልብጦ ሲቀመጥ ብቻ ነው፤ ሲያነብ ደግሞ ሲዲ የሚያዞር ሳይሆን ጠጠር የሚፈጭ ነው የሚመስለው። ገርርር ይላል፣ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ትንሽ ይተነፍስና እንደገና ገርርር። ዛሬ ጠዋት ግን አንዴ ቀጭ አለና በዚያው ቀረ። ሲዲውን አውጥታ በቀሚሷ ጠርዝ ጠረገችው፣ መለሰችው፣ ክዳኑን ጫን አለችው። ወይ ፍንክች።

በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው ነገር ግድግዳ ተብሎ ይጠራ እንጂ ቺፑድ ነው። አከራይየው አንዱን ክፍል ለሁለት ከፍሎ የሁለት ክፍል ኪራይ መቀበል ያማረው ጊዜ ያቆመው ነው። በዚህ በኩል ሰው ሲያዛጋ በዚያ በኩል ያለው አፉ ይከፈታል። ሚጢ ተነሳችና ከአልጋው ሥር የወንድሟን የሥራ ጫማ አወጣች፤ ቆዳው ላይ ነጭና ሰማያዊ ቀለም ተንጠባጥቦ የደረቀበት፣ ለእሷ እግር ጀልባ የሚያህል ጫማ። አጠለቀችው። በጠባቡ ኮሪደር ላይ እንደ ወንድ ረገጥ ረገጥ እያደረገች እስከ ውጪው በር ሄደች፣ ከፈተችና ድርግም አድርጋ ዘጋችው። ከዚያ ጫማውን አውልቃ በእጇ አንጠልጥላ በእግሯ ጣቶች ጫፍ ተመለሰች፣ ጫማውን ቦታው ወሸቀችና ወደ እናቷ ክፍል ገባች።

«ወጣ?»

«ወጣ።»

«ሳይጫወት?»

«ጌሙ ተበላሽቶበት። ተናዶ ነው የወጣው።»

«እሰይ!» አለች እናትየው፤ እሰይታው ግን ከአንገት በላይ ነበር። ትራሷን አስተካክላ ቺፑዱን እያየች ቆየችና «ታዲያ ያ ሰውዬ ሊያሠራው ነው ወይስ ሊጥለው?» ብላ ጠየቀች። ከተኳረፉ ጀምሮ ስሙን ጠርታው አታውቅም። ያ ሰውዬ ነው የምትለው።

ያ ሰውዬ ከሞተ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ቀለም ቀቢ ነበር፤ ከአንድ ሕንፃ መወጣጫ ላይ ወድቆ ሞተ። እናትየው ያን ሰሞን በልብ ሕመሟ ሐኪም ቤት ተኝታ ስለነበር፣ አልቅሰው ቀብረው ሲመለሱ አልሰማችም። ሐኪሙ «ቀዶ ጥገናው እስኪደርስ ባትረበሽ ጥሩ ነው» ያለውን፣ የሚጢ አክስት «ከሰማች እዚያው ነው የምትቀረው» ብላ ተረጎመችው። ጎረቤቱንም አከራዩንም አፋችሁን ያዙ ብላ የለመነች እሷ ናት። ነገሩን ያቀለለላቸው ደግሞ ጠቡ ነው። እናትና ልጅ ቀድሞውንም ሆድና ጀርባ ሆነው ነበር፤ ምክንያቱም ይኸው የጌሙ ጩኸት። አንድ ማታ ራሷን እያመማት፣ ገርርታው ቺፑዱን አልፎ ጥርሷ ሥር ሲገባባት፣ «ወይ ይህ ወፍጮ ይጥፋልኝ ወይ አንተ ጥፋልኝ!» አለች። እሱም ከወዲያ ሆኖ «እጠፋልሻለሁ፣ አይዞሽ» አላት። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም። ሐኪም ቤት ስትገባም ሄዶ አልጠየቃትም፤ መጀመሪያ በኩርፊያ፣ ኋላ በሞት። እሷ የምታውቀው ኩርፊያውን ብቻ ነው።

እናም ልጇ በሕይወት እንዳለ ለማሳመን ከእሷ ጋር የሚነጋገር ሰው አላስፈለገም። ጫማው ኮሪደሩ ላይ ከረገጠ፣ በሩ ከተዘጋ፣ ጌሙ ከጮኸ በቂ ነበር። ሚጢ በየማታው ወደ ቤት ሁለት ጊዜ ትገባለች። መጀመሪያ እንደ ራሷ ትገባለች፤ ከዚያ «ቆሻሻ ልድፋ» ብላ ትወጣና የወንድሟን ጫማ ደረጃው ላይ አጥልቃ እንደ ወንድሟ ትገባለች። ጨዋታውን አታውቅበትም። የእግር ኳስ ነው፤ ቁልፎቹን እንደመጣላት ትጫናለች፣ ሁሌ ትሸነፋለች። እናትየው ሰሞኑን «ድሮ ጎል ሲያገባ ቤቱን ያፈርሰው ነበር። አሁን ትንፍሽ አይልም። ከፋው እንዴ ያ ሰውዬ?» ማለት ጀምራለች። ቀዶ ጥገናው ሰኞ ነው። ዛሬ ሐሙስ። ሰኞ እስኪያልፍ ይህ ጌም መጮህ አለበት።

ጌሙን በፌስታል ጠቅልላ ወጣች። ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኙ ሱቅ ብሎ የሚጠራው አንድ የሞባይል መሸጫ ሕንፃ ደረጃ ሥር ያለ ጉድጓድ ነው፤ ረጅም ሰው ከገባ ጭንቅላቱን ሳይገጭ አይወጣም። ከላይ ሰው በተራመደ ቁጥር አቧራ ይወርዳል። ባንኮኒው ላይ ሆዳቸው የተዘረገፈ ሬዲዮኖች፣ ያለ ክዳን የተቀመጡ ጌሞች፣ የገመድ ክምር፣ ከመሀላቸው ደግሞ ግማሹ የተበላ ዳቦ። ሰፈርተኛው ጠጋኙን «መነጽሩ» ነው የሚለው፤ ሁለት መነጽር ስላለው፣ አንዱ ዓይኑ ላይ አንዱ ግንባሩ ላይ። ፌስታሉን ፈታ አድርጎ ገና ከማየቱ ፊቱ በራ።

«እንዴ! ይሄ የቀለም ቀቢው አይደለም እንዴ? ጭረቱን አውቀዋለሁ። እሱስ የት ገባ? ጠፋብኝ እኮ!»

«ሥራ በዝቶበት ነው» አለች ሚጢ። ይህን ውሸት በመንገድ ላይ አልተለማመደችውም፤ ራሱ ነው የወጣው።

«ሥራ የበዛበት ሰው የታደለ ነው። እህቱ ነሽ አይደል? አፍንጫችሁ አንድ ነው።»

«ጋሼ፣ ዛሬ ማታ ካልደረሰልኝ አይሆንም።»

«ምነው፣ ዋንጫ አለበት?» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ። «ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ። ስትመለሺ አዲስ አድርጌ ነው የማስረክብሽ። እሱ ራሱ አያውቀውም።»

አዲስ እንዲሆን አልፈለገችም፤ እንደነበረው ቢሆን በቂዋ ነው። ግን ረፍዶባት ነበርና ይህን ሳትነግረው ወጣች። ሥራዋ ላውንደሪ ነው፣ ከኋላ ክፍል ልብስ ስትተኩስ ነው የምትውለው። ስትደርስ አበባማ ቀሚሷን አውልቃ ከፌስታል ውስጥ ጥቁሯን ለበሰች፤ ማታ ስትወጣ ደግሞ አበባማዋን መልሳ ትለብሳለች። ቀኑን ሙሉ የምታዝነው እዚያ ነው፣ በደመወዝ። እንፋሎቱ ፊቷን ስለሚያረጥበው ብታለቅስም ማንም አይለየውም። ከፊት ለፊት አንድ ደንበኛ «ለአንዲት ሱሪ ይህን ያህል? በዚህ ዋጋ እኮ አዲስ እገዛለሁ!» እያለ ከላውንደሪው ባለቤት ጋር ይሟገታል፤ ሴትየዋም «ግዛና አሳየኝ፣ እኔም እንድተኩስልህ» ትለዋለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሚጢ ትስቅ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ። ቀን ቀን እናትየውን የምትጠብቀው አክስቷ ናት፤ ኮሪደር ላይ ቆማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው።

«ምንድነው ያደረግሽው? ‹ተበላሸበት አሉ፣ አሠራው ይሆን?› እያለች አእምሮዬን በላችው። ድሮ ጩኸቱን ትራገም አልነበር? ዛሬ ከእህል ውሃ ይልቅ እሱ ነው የናፈቃት።»

«ማታ ይደርሳል ብሎኛል።»

«ይድረስ! ሰኞ እስኪያልፍ ነው። ይህቺን መቻል ያቅትሻል?»

«አክስቴ፣ ካለፈ በኋላስ? ማን ነው የሚነግራት?»

ከአክስትየው ጀርባ የእናትየው ሳል ተሰማ። «ያኔ ያኔ ነው» ብላ አክስትየው ስልኩን ዘጋችው።

ሚጢ ፀሐይ ሳትጠልቅ መነጽሩ ዘንድ ደረሰች። ጌሙን አንድ ትንሽ ቴሌቪዥን ላይ ሰክቶ ሲጠብቃት ነበር። ጌሙ አልተገለበጠም፤ እንደ ማንኛውም ጤነኛ ዕቃ በእግሩ ቆሟል። ክዳኑን ከፍቶ አሳያት። ሲዲው የሚሽከረከርበት ቦታ ባዶ ነው። በቦታው አንዲት አረንጓዴ ቦርድ ተጋድማለች፣ በጎኗ አንዲት ሚሞሪ ካርድ ጎርሳለች።

«ይህቺን አየሻት? ጥፍርሽን አታክልም። የወንድምሽን ሲዲዎች ሁሉ፣ ሌላም የማያውቃቸውን፣ ጭኜበታለሁ። ሞተር የለም፣ ሌንስ የለም፣ መገልበጥ ቀረ። አሁን ጆሮሽን ጣይ። ምን ሰማሽ?»

«ምንም።»

«እሱ ነዋ!» አለ መነጽሩ፣ እጆቹን ዘርግቶ።

ሚጢ ጌሙን አየችው። ስክሪኑ ላይ ኳሱ ይንከባለላል፣ ተመልካቹ ይጮሃል፣ ከሳጥኑ ግን ሽው እንኳ አይልም። ባንኮኒውን ያዝ አደረገች።

«ጋሼ፣ የድሮውን ይመልሱልኝ።»

«የቱን?»

«የሚጮኸውን።»

መነጽሩ የዓይኑን መነጽር ወደ ግንባሩ ሰቀለ፣ የግንባሩን ወደ ዓይኑ አወረደ፣ አያት። «እህቴ፣ እዚህ ደረጃ ሥር ጠጉሬ እስኪሸብት ስሠራ ዝም አሰኝልኝ የሚል ሰው ነው የማውቀው። አስጩህልኝ ያለኝ የለም። ደግሞ ያ ማንበቢያ አልቆለታል። ጥርሱ ተበልቷል፣ ዓይኑ ጠፍቷል። ብሎኖቹን አወጣሁለትና የቀረውን ቆሻሻ ወሳጁ ቅድም ይዞት ሄደ። የእሱ ዓይነት ከእንግዲህ ከየትም አይመጣም።» ቅር እንዳላት ሲያይ ድምፁን አለዘበ። «እኔ መቼ ከሆዴ አውጥቼ ሠራሁት? ያዘዘው እኮ እሱ ነው። አንቺን የላከሽ ቦርዱ ደርሶ ይሆናል ብሎ መስሎኝ።»

«ማን ያዘዘው?»

«ወንድምሽ ነዋ! እናቱ ሐኪም ቤት የገባች ቀን እዚህ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። ‹በእኔና በእናቴ መሀል የገባው ይሄ ጩኸት ነው። ድምፁን አጥፋልኝና፣ ስትወጣ ዝም ያለውን ቤት ታግኘው። ከዚያ እግሯ ላይ እወድቃለሁ› አለኝ። ቦርዱን ከውጭ እስካስመጣ ነው የቆየው።»

ሚጢ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ምን እንደምታደርግ ስላላወቀች። «ተይ፣ ተከፍሏል» አላት። ጌሙን በፌስታሏ ሲጠቀልልላት «ሰላም በይልኝ፤ ታረቃችሁ ወይ ብሎሃል በይው» አለ። «እሺ» አለችው።

መንገዱን እንዴት እንደጨረሰችው አታውቅም። አንዴ ጩኸቱን በሌላ ነገር ማስመሰል አሰበች፤ ማበጠሪያዋን አውጥታ የአንድ ሕንፃ አጥር ላይ ስትፍቀው ጭርር አለ፤ አላፊ አግዳሚው ዞር ብሎ ሲያያት መልሳ ቦርሳዋ ከተተችው። ከሁሉ በላይ ያንገበገባት የወንድሟ ቃል ነው። እግሯ ላይ እወድቃለሁ ብሏል። ይህን የሚያውቁ በዓለም ላይ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ደረጃ ሥር ተቀምጦ ሰላም በይልኝ ይላል።

ቤት ስትደርስ አክስቷ ኮቷን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። ዓይኗን ወደ ፌስታሉ አደረገች፤ ሚጢ ራሷን ነቀነቀች። አክስትየው ተሠርቷል ማለት መስሏት እፎይ ብላ ሄደች። ሚጢ እናቷን ሳመች፣ የጎደለ ውሃ ሞላች፣ ቆሻሻ ልድፋ ብላ ወጣች፣ በወንድሟ ጫማ ተመለሰች። ክፍሉ እስካሁን ድረስ ቀለም ቀለም ይሸታል። አልጋው ተነጥፏል፤ የሥራ ቱታው ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል፣ ጉልበቱ አሁንም እንደታጠፈ። ጌሙን ሰክታ አበራችው። ሙዚቃው መጣ፣ ተመልካቹ ጮኸ፣ ሁለቱ ቡድኖች ወጡ። ገርርታ የለም። ጆሮዋን ቺፑዱ ላይ ለጠፈች። ከዚያ በኩልም ድምፅ የለም፤ የእናትየው አልጋ እንኳ አልተንቋቋም። እዚያም ጆሮ እንደተለጠፈ ገባት።

ቀስ ብላ ወጣችና ወደ እናቷ ክፍል ሄደች። እናትየው ተጋድማ ዓይኗ ፈጧል።

«ሚጢ።»

«አቤት እማ።»

«ያ ነገር አይጮህም።»

«አሠርቶት ነው።»

«መበላሸቱን ነው ያሠራው ወይስ መጮሁን?»

«መጮሁን።»

እናትየው ፊቷን ወደ ቺፑዱ መለሰች። በጣቷ ቺፑዱን ዳሰሰችው፣ ቀስ ብላ፣ የታመመ ሰው ግንባር እንደሚዳሰስ። «ለማን ብሎ?» አለች።

እኔ እንጃ ማለት ይቻል ነበር። ሚጢ ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ዓይኗን በጨው አጥባ ስትዋሽ የከረመች ሰው ናት፤ አንድ እኔ እንጃ አያቅታትም። ግን የወንድሟ ቃል ከቅድም ጀምሮ አልለቅ ብሏታል። «ላንቺ ብሎ ነው» አለች። «ለጠጋኙ ነግሮታል። ‹በእኔና በእናቴ መሀል የገባው ይሄ ጩኸት ነው፣ አጥፋልኝና እግሯ ላይ እወድቃለሁ› ብሎታል።» ከቀብሩ ወዲህ በዚህ ቤት የተናገረችው የመጀመሪያ እውነት ነበር። ደረቷ ቀለል አላት። ቅለቱ ግን እናትየው ብርድ ልብሱን ከላይዋ እስክትገፍ ብቻ ነው የቆየው።

«ሻርፔን አቀብዪኝ።»

«ወዴት ነው?»

«ወደ ልጄ ነዋ።»

«እማ፣ ሐኪሙ አትነሺ ብሎሻል እኮ!»

«ሐኪሙን እኔ አልወለድኩት» አለች እናትየው። እግሯን አወረደች። ፊቷ ላይ ከስንት ጊዜ በኋላ ደም መጣ። «እግሬ ላይ እስኪወድቅ ልጠብቅ? ታላቅ እኔ፣ አፌ ያመለጠኝ እኔ። ድገፊኝ።»

«ቆይ… ቆይ እስቲ፣ ልንገረው። ክፍሉ ተዝረክርኳል» ብላ ሚጢ ሮጠች። ገብታ በሩን ዘጋች፣ መቀርቀሪያውን ወረወረችው፣ ከዚያ ወዲያ ምን እንደምታደርግ አታውቅም። የእናቷን እርምጃ ሰማች። በአንድ እጇ ግድግዳውን ይዛ ነው የምትመጣው፤ መዳፏ ቺፑዱ ላይ ሽሽሽ እያለ ቀረበ፣ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። በሩ በቀስታ ተንኳኳ፤ የሰው ቤት እንደሚንኳኳ።

«እማ፣ አሁን—»

«አንቺ ዝም በይ። ካንቺ ጋር አይደለም የማወራው።» ትንፋሿ ሲጥ ሲጥ ይላል። «ልጄ። እኔ ነኝ። ያን ማታ ጥፋልኝ ያልኩህ እኔ አይደለሁም፣ ሕመሜ ነው። አንደበቴ ይቆረጥ። አየህ፣ ሐኪም ቤት ተኝቼ በሩ በተከፈተ ቁጥር አንተ እየመሰልከኝ ቀና እል ነበር። ሳትመጣ ስትቀር ጨከነ አልኩ። ለካ አንተ ጩኸቷን ላጥፋላት ብለህ ትንከራተታለህ። እንዲህ ያለ ልጅ ወልጄ ነው ያኮረፍኩት።» ሳል ያዛት፤ በሩን ተደግፋ እስኪያልፍላት ቆየች። በሩ አብሯት ተንቀጠቀጠ። «ክፈት አልልህም። ፊቴን ማየት ከከበደህ አይቸግርም። አፍ ማውጣት ካቃተህም አይቸግርም። ይቅር ካልከኝ አንዴ ብቻ ግድግዳውን ምታልኝ። እሰማለሁ፣ ሄጄ እተኛለሁ። ካልመታህ ግን ከዚህ አልነቃነቅም።»

ሚጢ ክፍሉ መሀል ቆማ ነበር። ስክሪኑ ላይ የእሷ ቡድን ልጆች ቁልፍ የሚጫንላቸው አጥተው በየቦታቸው ይዋልላሉ። ወንድሟ ቢሆን ኖሮ ግድግዳውን አይመታም፤ በሩን ገንጥሎ ይወጣ ነበር። ይህን ታውቃለች። ደግሞም ይቅርታው የእሷ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ከሰው ኪስ እንደተሰረቀ ዕቃ ነው የሚሆንባት። ከበሩ ወዲያ ሲጥታው እየፈጠነ መጣ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ተቆረጠና ዘግይቶ ተመለሰ። ሚጢ እጇን ጨበጠችና ቺፑዱን መታችው። አንዴ።

ከውጭ ሳቅ ይሁን ለቅሶ የማይለይ ነገር መጣ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች እናትየው። «እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔ አባት። በል ተጫወት። ሰኞ ነው የምገባው። ከዚያ በፊት ልብህ ሲፈቅድ ብቅ በልና ፊትህን አሳየኝ፤ አልቸኩልብህም። ግን ሳልስምህ አልገባም። ሐኪሙ ቢለምነኝም፣ አክስትህ ብትጎትተኝም፣ ልጄን ስሜ ካልሆነ ያ አልጋ ላይ አልወጣም። እንዲህ ነው የምላቸው።»

መዳፏ ሽሽሽ እያለ ራቀ። አልጋው ተንቋቋ። ሚጢ ባለችበት ቁጭ አለች፤ መቀርቀሪያውን መክፈት እንኳ ትዝ አላላትም። ጌሙ ያለ ምንም ገርርታ ይሠራል። ትንሽ ቆይቶ ከቺፑዱ ወዲያ እናትየውን ያ ሌላ ጊዜ ፎቁን ሁሉ የሚቀሰቅሰው ሳል መጣባት። ሚጢ ሳሉ በትራስ ሲታፈን ሰማች። እናትየው ልጇ ጨዋታው እንዳይረበሽበት ቀስ ብላ ነበር የምትስለው።